የክፍል ሥነ ሥርዓት በጋምቤላ ክልል

የክፍል ሥነ ሥርዓት ማለት መምህርና ተማሪዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ትምህርቱ ሳይቋረጥና ማንም ሳይዋረድ አብረው እንዲሠሩ የሚያደርግ የደንብ፣ የልማድና የግንኙነት ሥርዓት ነው። በጋምቤላ ሕዝቦች ክልል ትምህርት ቤቶች ጉዳዩ የራሱ መልክ አለው። በአንድ ክፍል የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ፣ በዕድሜ የሚራራቁ፣ አንዳንዶቹም ከጦርነት ሸሽተው የመጡ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ መምህሩም ከሌላ አካባቢ የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተማሪን ረብሻና አፍ እላፊ በእርጋታ መያዝ፣ የተባለውን ነገር በትክክል ለመረዳት ጊዜ የሚሰጥ የሥራ ዘዴ ነው።

ምንነቱና ዓይነቶቹ

በተለምዶ «ረብሻ» እየተባለ በአንድ ቃል የሚጠራው ነገር ቢያንስ አራት ዓይነት ነው፦

- ቀላል ረብሻ፦ ማውራት፣ መሳቅ፣ ከቦታ መነሣት፣ ዘግይቶ መግባት፣ ደብተር አለማውጣት።
- አፍ እላፊ፦ ለመምህር በንቀት መመለስ፣ ማጉረምረም፣ ማሾፍ፣ ቃል መመላለስ።
- እምቢተኝነት፦ የታዘዙትን በግልጽ አለመፈጸም።
- ከባድ ጥፋት፦ ድብድብ፣ ዛቻ፣ ስለት ይዞ መምጣት፣ በብሔር መሳደብ፣ ሴት ተማሪዎችን መተንኮስ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በአብዛኛው እዚያው ክፍል ውስጥ በመምህሩ የሚያልቁ ናቸው። አራተኛው ወደ ርዕሰ መምህሩና ወደ ትምህርት ቤቱ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ይሄዳል። ልዩነቱ ሲጠፋ ጉዳት ይደርሳል፤ በአንድ መጥፎ ቃል ምክንያት «ውጣ፣ ወላጅ ሳታመጣ እንዳትመለስ» የተባለ ልጅ ላይመለስ ይችላል። በጋምቤላ ከተማ ለትምህርት ሲሉ ወላጆቻቸውን ገጠር ትተው ከዘመድ ጋር የሚኖሩ ተማሪዎች አሉ። በስደተኞች መጠለያዎች ደግሞ ያለ ወላጅ ድንበር የተሻገሩ ልጆች አሉ። ለእነዚህ «ወላጅ አምጣ» የሚለው ትእዛዝ ከትምህርት የመባረር ያህል ነው።

ታሪካዊ መነሻ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ለብዙ ዘመን የቆየው የቄስ ትምህርት ቤት የሚመራው የኔታ በሚባል መምህር ነበር። ተማሪው የኔታን እንደ አባት ያከብር ነበር፤ አለንጋና አርጩሜም የማስተማሪያው አካል ተደርገው ይታዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዘመናዊ ትምህርት ጀመረ፤ የትምህርቱ ይዘት ቢለወጥም ዱላው፣ ማንበርከኩና ጆሮ መቆንጠጡ በዘመናዊው ክፍል ቀጠሉ።

ጋምቤላ በባሮ ወንዝ ዳር የተመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው የኢትዮጵያና የብሪታንያ ስምምነት መሠረት የንግድ ጣቢያ ሆና ነው። የወንዙ መርከቦች እስከ ሱዳን ድረስ ይመላለሱ ነበር፤ ጣቢያዋ ለኢትዮጵያ የተመለሰችው ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 (እ.ኤ.አ.) ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ (ዓ.ም.) ከወሎ፣ ከትግራይና ከደቡብ አካባቢዎች ብዙ ሰፋሪዎች ወደ አካባቢው መጡ። በዚህ ምክንያት የአካባቢው ክፍል አኝዋ፣ ኑዌር፣ ማጃንግ፣ ኦፖና ኮሞ ልጆችን ከ«ደገኛ» ልጆች ጋር የሚያቀላቅል ሆነ። ከደጋው የመጣው መምህርም ብዙውን ጊዜ ራሱ የተማረበትን የሥነ ሥርዓት ልማድ ይዞ ይገባ ነበር።

ሕጉ ምን ይላል

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ሲዘረዝር፣ ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የሕፃኑን ሰብአዊ ክብር በጠበቀ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተር በአንቀጽ 11 ተመሳሳይ ግዴታ ይጥላል።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ሕፃንን በኃላፊነት የያዘ ሰው በልጁ ላይ የሚፈጽመውን በደልና ድብደባ ያስቀጣል። ይኸው አንቀጽ ሕግን ተከትሎ ልጅን በአግባቡ ለማሳደግ የሚወሰድ የእርማት እርምጃን ከቅጣቱ ውጪ ያደርገዋል። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ በትምህርት ቤት አካላዊ ቅጣትን ስለከለከለ፣ ለመምህር ዱላ የተተወ ቦታ የለም።

ሕጉና ልማዱ ግን እኩል አልተራመዱም። በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) የጥናት ክፍል እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተጠየቁት የ8 ዓመት የኢትዮጵያ ልጆች ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ባለፈው አንድ ሳምንት ውስጥ መምህር ተማሪን ሲመታ አይተዋል። ጥናቱ የተመሠረተባቸው ልጆች ከአዲስ አበባ፣ ከአማራ፣ ከኦሮሚያ፣ ከትግራይና ከቀድሞው የደቡብ ክልል የተመረጡ ናቸው፤ ጋምቤላ በውስጡ የለችም። በአራት አገሮች በተደረገው በዚሁ ጥናት ልጆች ትምህርት ቤትን ለመጥላታቸው በዋና ምክንያትነት የጠቀሱት በመምህራንና በሌሎች ተማሪዎች የሚደርስባቸውን ጥቃት ነው።

የጋምቤላ ክፍል ልዩ ሁኔታዎች

ቋንቋ

በክልሉ በታችኞቹ ክፍሎች አኝዋኛ፣ ኑዌርኛና ማጃንግኛ የማስተማሪያ ቋንቋዎች ሆነው ያገለግላሉ። አማርኛ የክልሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ሲሆን በትምህርት ቤት እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ይሰጣል። እንግሊዝኛ ደግሞ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ መምህርና ተማሪ የሚጣሉበት ቋንቋ ብዙ ጊዜ የአንዳቸው አፍ መፍቻ አይደለም።

አማርኛ አክብሮትን በተውላጠ ስምና በግሥ መድረሻ ይለያል፤ «አንተ» እና «እርስዎ»፣ «ስጠኝ» እና «ይስጡኝ» የተለያየ ክብደት አላቸው። ጾታም እንዲሁ በግሡ ላይ ይታያል። በኑዌር ቋንቋ ግን «እሱ» እና «እሷ» በአንድ ቃል ይገለጻሉ። አማርኛን ከገበያና ከጓደኞቹ የለመደ ልጅ እኩያው የሚለውን ደግሞ ለመምህሩ ይላል። «ደብተሬን ስጠኝ» ወይም «አልሰማሁም፣ ድገም» ሲል ሰዋስው ጎድሎት እንጂ ድፍረት ላይሆን ይችላል። የተቆጣ መምህር ቃሉን እንደ ስድብ ይወስደዋል፤ የረጋ መምህር ግን «‹ይድገሙልኝ› ይባላል» ብሎ አርሞ ያልፋል።

ዕድሜና ማዕረግ

ትምህርት ዘግይተው የጀመሩ ወይም በመፈናቀል ያቋረጡ ተማሪዎች ከክፍል ጓደኞቻቸው በብዙ ዓመት ሊበልጡ ይችላሉ። በኑዌር ባህል ወንድ ልጅ ወደ ጎልማሳነት የሚሸጋገረው «ጋአር» በሚባለው ሥርዓት ነው፤ በግንባሩ ላይ ስድስት አግድም መስመሮች ይቀረጻሉ፤ ከዚያ በኋላም እንደ ልጅ ላም አያልብም። ልማዱ እየቀነሰ ቢመጣም፣ በማኅበረሰቡ ዘንድ ሙሉ ሰው የተባለን ወጣት ከትንንሽ ልጆች ፊት ማንበርከክ ወይም በአለንጋ መምታት ጥፋቱን ከማረም ይልቅ የክብር ጠብ ያደርገዋል።

የትእዛዝ አነጋገር

እንግሊዛዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ኤድዋርድ ኤቫንስ ፕሪቻርድ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኑዌሮች ጋር ኖሮ በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኑዌሮች በቀጥታ ሲታዘዙ እንደሚከፉ ጽፏል። አንድ ሰው ሌላውን ሥራ ሲጠይቅ እንደ ዘመድ በመጥራት ወይም ራሱን ጨምሮ «እንሂድ» እንደ ማለት አድርጎ ያቀርበው እንደነበር ያስረዳል። ይህ ከዘጠና ዓመት ገደማ በፊት ስለነበሩ አዋቂዎች የተጻፈ እንጂ ለዛሬ ተማሪ የሚለጠፍ ጠባይ አይደለም። ጥቆማው ግን ይጠቅማል፤ «ዝም በሉ፣ ጻፉ» ከማለት «አሁን ዝም ብለን እንጽፋለን» ማለት ለማንኛውም ብሔር ተማሪ ይሠራል።

መፈናቀልና ግጭት

በደቡብ ሱዳን ጦርነት በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ ከ300,000 በላይ ስደተኞች በክልሉ ተጠልለዋል። ኩሌ፣ ቲየርኪዲ፣ ጄዊና ፑኝዶ ከመጠለያዎቹ መካከል ናቸው። በመጠለያ ትምህርት ቤቶች በአንድ ክፍል ከ100 በላይ ልጆች የሚቀመጡበት ጊዜ አለ። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከደቡብ ሱዳን የገቡ የሙርሌ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን ከ200 በላይ ሰዎችን ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናትን አግተዋል። በክልሉ ሕዝቦች መካከልም በተለያዩ ዓመታት ግጭቶች ደርሰዋል። ይህን ያለፈ ልጅ በድንገተኛ ጩኸት ወይም በተነሣ እጅ ሊደነግጥ፣ ሊሸሽ ወይም ሊማታ ይችላል። እንዲህ ባለ ክፍል መምህሩ ማንን እንደቀጣና ማንን እንዳለፈ በሁሉም ዘንድ ይቆጠራል፤ በአንዱ ላይ የወረደ ቁጣ ለአንድ ወገን እንደማድላት ሊታይ ይችላል።

ሙቀትና ፈረቃ

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት ሙቀቱ እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በከሰዓት ፈረቃ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚታየው መነጫነጭ ሁሉ የጠባይ ችግር አይደለም። ውኃ ማስጠጣት፣ ከባዱን ትምህርት በጠዋት ማድረግና በመካከል ቆመው የሚሠሩትን ሥራ መስጠት ረብሻውን ይቀንሰዋል።

እርጋታ ለምን ይሠራል

ሰው ሲቆጣ አድሬናሊን የሚባለው ቅመም በደሙ ይሠራጫል፤ ልቡ ይፈጥናል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ የማመዛዘን አቅሙም ለጊዜው ይደክማል። ይህ በመምህሩም በተማሪውም ላይ ይደርሳል። ሁለቱም ሲግሉ ንግግሩ በየዙሩ ከፍ ይላል፤ አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ጄራልድ ፓተርሰን ይህን የመገፋፋት ዙር በቤተሰብ ውስጥ አጥንቶታል። ዙሩ የሚሰበረው ከሁለቱ አንዱ ሳይመልስ ሲቀር ነው፤ በክፍል ውስጥ ይህ የመምህሩ ድርሻ ነው። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው፣ አርባ ተማሪ ፊት የተነገረ ቃል አይመለስም።

ጄኮብ ኩኒን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት በቪዲዮ የተቀረጹ ክፍሎችን መርምሮ ያልተጠበቀ ውጤት አገኘ። ረብሻ ከተነሣ በኋላ መምህሩ የሚጠቀምበት የመገሠጫ መንገድ የተረጋጋ ክፍል ያለውን መምህር ከሌለው አይለይም ነበር። የሚለየው አስቀድሞ የሚደረገው ነው፤ ክፍሉን ሁሉ በዓይን መከታተል፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መያዝ፣ ትምህርቱ ሳይንተባተብ እንዲፈስ ማድረግ። ለአንድ ተማሪ የተሰጠ ተግሣጽ በሌሎቹም ላይ እንደሚያርፍ ያሳየውም እሱ ነው።

ሩዶልፍ ድራይከርስ የልጅ ረብሻ ከአራት የተሳሳቱ ፍላጎቶች እንደሚመነጭ አስተምሯል፤ እነሱም ትኩረት ማግኘት፣ ኃይል ማሳየት፣ መበቀልና «አልችልም» ብሎ መሸሽ ናቸው። ኃይል ለማሳየት የመጣ ተማሪ መምህሩ ሲጮህ የፈለገውን ትግል ያገኛል። ሃይም ጊኖት ደግሞ ስለ ሁኔታው እንጂ ስለ ልጁ ማንነት መናገር እንደማይገባ አሳስቧል፤ «ደብተሩ ገና አልወጣም» እና «አንተ ሰነፍ» የተለያየ መልስ ይወልዳሉ።

አያያዝ በተግባር

አስቀድሞ

- በመጀመሪያው ሳምንት ከተማሪዎች ጋር አምስት ያህል አጫጭር ደንቦች ማውጣት፣ በማስተማሪያ ቋንቋውና በተማሪዎቹ ቋንቋ ጽፎ መለጠፍ።
- ስሞችን በትክክል አጥርቶ መጥራት። ስሙ ተጣሞ የሚጠራ ልጅ የሚመለከተው ንቀትን ነው።
- የክፍል አለቆችን ከተለያዩ ብሔሮችና ከሁለቱም ጾታ መምረጥ፤ አለቃው የሚረብሹትን ስም እየጻፈ ለቅጣት የሚያቀርብ ሰላይ እንዳይሆን መጠንቀቅ።
- አክብሮት ያለውን አማርኛ እንደ ትምህርት ማስተማር፤ «ይቅርታ»፣ «አልገባኝም»፣ «ይድገሙልኝ»፣ «መውጣት ይፈቀድልኝ»።

በዚያው ቅጽበት

መምህሩ ከትንሹ ጀምሮ ወደ ትልቁ ይሄዳል። መጀመሪያ በዓይን ያያል፤ ቀጥሎ እያስተማረ ወደ ተማሪው ይጠጋል፤ ከዚያ ስሙን በመደበኛ ድምፅ ይጠራል፤ በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ ለእሱ ብቻ ይነግረዋል። አፍ እላፊ ሲመጣ ደግሞ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይጠቅማል፦

1. ከመመለስ በፊት አንድ ጊዜ በረጅሙ መተንፈስ፣ ጠመኔውን ማስቀመጥ፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ።
2. መስማቱን መግለጽ፣ አለመከራከር።
3. የሚጠበቀውን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር።
4. የመወሰኛ ጊዜ ሰጥቶ ዞር ማለት፤ ከራሱ ላይ ቆሞ አለመጠበቅ።
5. ትምህርቱን ወዲያው መቀጠል።

ለምሳሌ ተማሪው «አልጽፍም፣ አንተ አታዘኝም» ቢል፣ መምህሩ «ሰምቼሃለሁ። አሁን ጥያቄ 3 ላይ ነን፤ ስትጀምር መጥቼ አያለሁ። የቀረውን ከደወል በኋላ እንነጋገራለን» ብሎ ወደ ሌላ ረድፍ ይሄዳል። በዚህ መልስ ውስጥ ደንቡ አልተነሣም፤ ተማሪው ግን በጓደኞቹ ፊት ሳይሸነፍ የሚመለስበት መንገድ ተተወለት። ክፍሉ ከሳቀ መምህሩ የሳቁትን አያሳድድም፤ ቀጣዩን ጥያቄ ለአንዱ ያቀርባል።

ተማሪው ቢቀጥል እዚያው መታገል አያስፈልግም። የክፍል አለቃውን ልኮ ርዕሰ መምህሩን ወይም ምክትሉን ማስጠራት ይቻላል። እጅ መያዝ፣ መጎተትና በር ላይ መግፋት ነገሩን ከቃል ወደ አካል ያሸጋግረዋል።

ከደወል በኋላ

ቀጠሮው መከበር አለበት፤ ካልተከበረ «እንነጋገራለን» የሚለው ቃል ዋጋ ያጣል። ንግግሩ ሌሎች በማይሰሙበት፣ ነገር ግን ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን። መምህሩ መጀመሪያ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ምሳ አለመብላት፣ ቤት ውስጥ ያለ ሕመም ወይም ከጎን ተቀማጭ የተነገረ የብሔር ስድብ የሚወጣው እዚህ ነው። ቀጥሎ ጥፋቱ ይጠቀሳል፣ ማስተካከያውም ይወሰናል፤ ያመለጠውን ሥራ መጨረስ፣ ይቅርታ መጠየቅ ወይም ያበላሸውን ማጽዳት። መምህሩም ያልተገባ ቃል ተናግሮ ከሆነ ይቅርታ መጠየቁ ሥልጣኑን አያሳንሰውም። በማግሥቱ ተማሪውን በስሙ ሰላም ማለት ነገሩ ማለቁን ያስረዳል።

ከባድ ጥፋት

ድብድብ፣ ስለት ወይም የብሔር ስድብ ሲኖር መምህሩ ብቻውን አይወስንም። ሌሎቹን ተማሪዎች ከቦታው ያርቃል፣ እርዳታ ይጠራል፣ ያየውን በቀንና በሰዓት ይመዘግባል። ጉዳዩ በሥነ ሥርዓት ኮሚቴና በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ይታያል። ተማሪው ከውሳኔ በፊት የመናገር ዕድል ሊሰጠው ይገባል፤ በአማርኛ ራሱን መግለጽ ካልቻለም ከተጣላው ወገን ያልሆነ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል።

የአካባቢው የሽምግልና ልማድ

በክልሉ ሕዝቦች ባህል ጠብን ያለ ዱላ የማብረድ ልማድ አዲስ ነገር አይደለም። በኑዌሮች ዘንድ «ኳር ሙዎን» የሚባለው የምድር አለቃ ነፍስ ያጠፋ ሰው የሚጠለልበትና ካሣ የሚያስማማ አስታራቂ ነው፤ የማዘዝ ኃይል ግን የለውም፤ የሚሠራው በማግባባት ነው። በአኝዋዎች ዘንድ የመንደሩ አለቃ «ኳሮ» በታላቅ አክብሮት ይቀረባል፤ ይሁንና ለጋስነቱን ሲያጓድል ነዋሪዎቹ ሊያወርዱት ይችሉ ነበር። ሁለቱም ሥልጣን በአያያዝ የሚገኝና በአያያዝ የሚጠፋ መሆኑን ያሳያሉ። በትምህርት ቤት ከተለያዩ ማኅበረሰቦች የተውጣጡ ሽማግሌዎችና እናቶች በወተመህ በኩል ሲሳተፉ፣ የሁለት ተማሪዎች ጠብ የሁለት ወገኖች ጠብ ከመሆኑ በፊት ይበርዳል። ሆኖም ሽምግልና በሴት ልጅ ላይ የደረሰን ጥቃት መሸፋፈኛ ሊሆን አይገባም፤ እንዲህ ያለው ጉዳይ ለሕግ ይቀርባል።

ክርክሮች

አንዳንድ መምህራንና ወላጆች ዱላ ከተከለከለ ወዲህ ተማሪ መምህሩን እንደማይፈራ ይናገራሉ። ቅሬታው መሠረት የለሽ አይደለም፤ ዱላው ሲነሣ በቦታው የሚተካ ሥልጠና ሁልጊዜ አልተሰጠም። መቶ ተማሪ ለያዘ መምህርም «ከእያንዳንዱ ጋር ተነጋገር» ማለት ቀላል ምክር አይደለም። በሌላ በኩል ፍርሃት የሚሠራው መምህሩ እስካለ ብቻ ነው፤ መምህሩ ሲወጣ ክፍሉ ይበተናል። ሌላው ስሕተት እርጋታን ከቸልተኝነት ጋር ማምታታት ነው። ረብሻን አይቶ ማለፍ ዝምተኞቹን፣ በተለይም ሴት ተማሪዎችንና በቁጥር ጥቂት የሆኑ ማኅበረሰቦችን ልጆች፣ ያለ ጠባቂ ይተዋቸዋል። እርጋታ የሚባለው ደንቡ ሳይላላ ድምፁ ብቻ ዝቅ ሲል ነው።

በትልቅ ክፍል የሚቻለው መንገድ ጥቂቱን አጥብቆ መያዝ ነው፤ ደንቦቹን ማሳጠር፣ በቡድን ማሠራት፣ በቀን ከአንድ ወይም ከሁለት ተማሪ በላይ ለውይይት አለመቅጠር። በጋምቤላ ከተማ የሚገኘው የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የክልሉን መምህራን ስለሚያሠለጥን፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚያውቅ መምህር መብዛቱ ከቋንቋ የሚመነጨውን አለመግባባት የሚቀንስ ሌላው መንገድ ነው።

ደግሞ ይዩ

- ጋምቤላ (ከተማ)
- ትምህርት በኢትዮጵያ
- የሕፃናት መብት
- አኝዋ
- ኑዌር
- ሽምግልና